እርሾ ጠጠር

እትዬ ገንዳ ሲያስተምሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምሩ ነበር። ቀኝ እጃቸው የግራቸውን አንጓ እንደያዘ፣ በሰልጣኙ ገንዳ ዙሪያ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ቀስ እያሉ ይዞራሉ። ፓምፕ ቢቆም፣ ቱቦ ቢፈነዳ፣ ሰልጣኙ ተደናግጦ ውሃውን ሁሉ መሬት ላይ ቢለቀው እንኳ ያ እጅ አይፈታም። «ውሃው በየት ይገባል? በየት ይወጣል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱን እስክናገኝ ድረስ ካልሲያችን ይርሳል።

ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው። ይህን ቅጽል ያወጣንላቸው እኛ ሰልጣኞቻቸው ነን። በሹክሹክታ ስንጠራቸው አንድ ቀን ሰሙንና፣ «ይሁን፣ ከበርሜል ይሻላል» ብለው አለፉ። ከዚያ ወዲህ ራሳቸውም ስልክ ሲያነሱ «ገንዳ ነኝ» ማለት ጀመሩ።

የሚያስተምሩት ዓሣንና አትክልትን በአንድ ውሃ ማልማትን ነበር። ለማያውቅ ሰው ሲነግሩት ተረት ይመስለዋል። ዓሦቹ ታች ገንዳው ውስጥ ይኖራሉ፤ እነሱ ያቆሸሹትን ውሃ ፓምፕ ወደ ላይ፣ ጠጠር ወደተሞላ መደብ ይገፋዋል፤ በጠጠሩ መሐል ሰላጣና ቆስጣ ያለ አንዲት ጭብጥ አፈር ሥር ይሰዳሉ፤ ውሃው ደግሞ በጠጠሩ ውስጥ አልፎ፣ ጠርቶ፣ ወደ ዓሦቹ ይመለሳል። ምስጢሩ ያለው ጠጠሩ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ዓይን የማያያቸው ተህዋስያን ይሰፍራሉ፤ ለዓሣው መርዝ የሆነውን ለቅጠሉ ምግብ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል። እትዬ ገንዳ ስለ እነዚህ ተህዋስያን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅሱ የፈሩ ይመስል።

ወደዚህ ሙያ የመጡት በዓሣ በኩል ሳይሆን በውሃ በኩል ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። ውሃ በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ እየሰረገ በሚጣራባቸው ሰፋፊ ገንዳዎች ዳር ነው ወጣትነታቸው ያለፈው። እዚያ የተማሩት ትልቁ ነገር፣ ውሃውን የሚያጠራው አሸዋው ብቻ አለመሆኑን ነው፤ አሸዋው ላይ እንደ ቆዳ የሚለብሰው ያ ዝልግልግ ነገር ነው ሥራውን የሚሠራው። «ንጹሕ ውሃ የጠጣ ሰው ሁሉ የቆሸሸ አሸዋ ይመርቅ» ይሉን ነበር።

እጃቸውን ወደ ኋላ ያሰረው ግን ጣቢያው አይደለም፤ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ጡረታ እንደወጡ የመጀመሪያውን ገንዳ የሠሩት ለእሱ ነበር። በየማለዳው እየሄዱ ውሃውን ይመረምሩለታል፣ ቱቦውን ይጠርጉለታል፣ ዓሦቹን ያበሉለታል፤ እሱ ከዳር ቆሞ «ኧረ እህቴ፣ ምን ልታዘዝ?» ይላል። ቆይቶ እግራቸው ተሰበረና አልጋ ላይ ዋሉ። ወንድምየው ፓምፑ ሲቆም የቱን እንደሚነካ እንኳ አላወቀም። ዓሦቹ አለቁ፤ እሱም የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሄደ። «በጥሩ እጄ ነው የገደልኳቸው» ብለውናል አንድ ጊዜ። ሁለተኛ አላነሱትም። ከዚያ ወዲህ እጃቸው በሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ከእኛ መካከል በዕድሜ ከፍ የሚለውን ሰው «ነጭ በነጭ» እንለው ነበር። በአንድ ትልቅ ሆቴል እጥበት ቤት አንሶላ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። ለስልጠና በነጭ ሸሚዝ ይመጣል፤ ሌሎቻችን ጭቃ ላይ የተንከባለልን መስለን ስንወጣ እሱ እንደመጣ ነጭ ሆኖ ይሄዳል። ወደ ዓሣ የመጣው ወዶ አይደለም። የማጠቢያው ኬሚካል የሁለቱን መዳፎቹን ቆዳ ልጦት፣ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው ደም ሲያወጡ፣ ሐኪሙ «ከሥራህና ከእጅህ አንዱን ምረጥ» አለው። እጁን መረጠ። የእጥበት ቤቱ አለቃ ወዳጁ ስለሆነ ቦታውን ወዲያው ለሌላ አልሰጠበትም። «ዓሣው እምቢ ካለህ ና፤ መደረቢያህ ምስማሩ ላይ ናት። ግን እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሰኞ ብቻ ነው የምጠብቅህ» ብሎታል። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ ደግሞ፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት፣ ጎረቤት ሲጠይቃት «አንሶላ ሲያጥብ ኖሮ አሁን ዓሣ ሊያጥብ ነው» ትል ነበር። ቀልዷ ምን ያህል ዒላማውን እንደሚመታ ያን ጊዜ እሷም አላወቀችም።

የስልጠናው መጨረሻ ቀን እትዬ ገንዳ የምስክር ወረቀት አይሰጡም። ከራሳቸው መደብ፣ ለዓመታት ውሃ ካልተለየው፣ ለእያንዳንዳችን አንድ ባልዲ ጠጠር ይዘግኑልናል። ጠቆር ያለ፣ እጅ ላይ የሚያሟልጭ፣ ዝናብ እንደመታው ጫካ የሚሸት ጠጠር ነው። «ይህ እርሾ ነው» አሉን። «ከአዲሱ ጠጠራችሁ ጋር ቀላቅሉት፤ ከዚያ ራሱ ያውቃል።» ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም፤ እርሾ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለምና። ነጭ በነጭ ባልዲውን በተዘረጋ ክንዱ፣ ከሸሚዙ አርቆ፣ የሚያለቅስ የሌላ ሰው ሕፃን እንደተሸከመ ወንደላጤ ይዞት ሲወጣ ስቀንበታል።

ከዚያ ወዲያ ሳምንታት አለፉ፤ ነጭ በነጭም ግቢው ውስጥ ገንዳውን ሠርቶ ዓሣ አስገባ። የእጥበት ቤቱ አለቃ የቆረጠለት ሰኞ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከእኛው ጋር የሰለጠነው ሹፌርና እኔ በእሱ ፒክአፕ የዓሣ መኖ ጭነን እትዬ ገንዳ ግቢ እያራገፍን ነበር። ስልካቸው ጮኸ።

«ገንዳ ነኝ።»

የነጭ በነጭ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ እኛ ጋ ይሰማ ነበር። «እትዬ፣ ዓሦቹ ላይ ወጥተው እያጣጣሩ ነው።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም።»

«አየር የምትነፋው ማሽን ትሠራለች?»

«ትሠራለች።»

«ምግብ ሰጥተሃል?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ፈዘዝ ሲሉብኝ… ጨመር አደረግሁላቸው።»

«ካሁን በኋላ አንዲት ፍርፋሪ እንዳትጥል። መጣሁ።»

መኖውን ግማሹን እንደጫንን ተነሳን። መንገድ ላይ ሹፌሩ አላስችል ብሎት፣ «እትዬ፣ ይተርፉ ይሆን?» አለ። «መሪህን ያዝ» አሉት። እስክንደርስ ድረስ እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር።

የነጭ በነጭ ግቢ ጠባብ ናት፤ ሲሚንቶዋ ታጥቦ ያበራል፤ ገመዱ ላይ የተሰጣው ልብስ እንኳ በቁመት ቅደም ተከተል ነው። የባለቤቱ የስፌት መኪና በረንዳው ላይ ክሩ እንደተሰካ ቆሟል። በሩን የከፈተችልን እሷ ነች።

«ግቡ እትዬ። ከነጋ ጀምሮ እንደ ሐኪም ቤት አስታማሚ እላያቸው ላይ ቆሟል። ቁርስ ብላ ብለው ዞሮም አላየኝ።»

ነጭ በነጭ ከገንዳው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሰላምታም አልሰጠን። ቆሮሶ የሚባሉት ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው ጠርዝ ላይ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ድምፅ የለውም፤ ከንፈር ብቻ ነው። ውሃው ግን እንደ መስታወት የጠራ ነበር፤ የገንዳው ወለል ላይ የወደቀች መርፌ ትታያለች። ያ ነው ያስደነገጠን።

«ጠብታውን አምጣና መርምር» አሉት እትዬ ገንዳ። እጃቸው ወደ ኋላ ተጣምሯል።

ትንሿን ብልቃጥ በውሃው ሞላ፤ የመመርመሪያውን ጠብታ አንጠባጠበ፤ ነቀነቃት። ጤነኛ ውሃ ቢጫ ሆኖ ነው የሚቀረው። ይሄኛው አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ጠቆረ። አሞኒያ ነው፤ ዓሦቹ በገዛ ቆሻሻቸው እየተመረዙ ነበር። ባለቤቱ ብልቃጡን ከእጁ ተቀበለችው።

እትዬ ገንዳ ዓይናቸውን ከብልቃጡ ወደ መደቡ አነሡ። ጠጠሩ ሁሉ ነጭ ነበር፤ የሚያበራ፣ ከወንዝ ዳር እንደተለቀመ።

«የሰጠሁህ ጠጠር የታለ?»

«እዚያው ነው እትዬ። ተቀላቅሏል።»

«የቱ ነው?»

ነጭ በነጭ ጠጠሮቹን አየ። የሚለይ አልነበረም።

«አጠብኩት» አለ።

«በምን?»

«በበረኪና። ግን ደጋግሜ አለቅልቄዋለሁ እትዬ። ፀሐይ ላይም በደንብ አድርቄዋለሁ።»

እትዬ ገንዳ ተቆጥተው ቢሆን ይቀለን ነበር።

«ምነው ወንድሜ? ስለ ተህዋስያኑ ስናገር እኮ አንተ የፊት ወንበር ላይ ነበርክ።»

«ጠጠሩ ውስጥ ናቸው መስሎኝ። ላዩን ብቻ ነው ያጠብኩት። የሰው ስጦታ ከነእድፉ እንዴት ይገባል ብዬ…» መጨረስ አልቻለም።

«እግዜር ያሳያችሁ» አለች ባለቤቱ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እኔንም ሲያገባኝ በበረኪና አለማለቅለቁ እድሌ ነው።»

ሹፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ዞረ። እትዬ ገንዳ ግን ወደ ሥራ ገብተዋል። «ያደረ ውሃ አለ? የቧንቧው አይሆንም፤ ክሎሪኑ የቀሩትን ይጨርሳቸዋል። ክፍት በርሜል ውስጥ የሰነበተ ውሃ ነው የምፈልገው።»

ጥጉ ላይ ሰማያዊ በርሜሎች ነበሩ። በዚያ ሠፈር ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የቤቱ የሳምንት መጠጥና ማብሰያ ያ ነው። ሴትየዋ በርሜሎቹን አየች፤ ከዚያ የባሏን እጆች አየች። በእነዚያ ሳምንታት ስንጥቃቱ ገጥሞ፣ አዲስ ቆዳ አውጥቶ ነበር።

«ውሰዱት» አለች። «እኛ እንደ ሀብታም በጠርሙስ እየገዛን እንጠጣለን።»

ነጭ በነጭ ከገንዳው ውሃ ቀንሶ በባልዲ የበርሜሉን ውሃ ቀስ እያለ ጨመረ። ዓሦቹ ትንሽ ወረድ አሉ። ልባችን መለስ ሊል ሲል፣ አንዱ ተመልሶ ወጣ፤ ሌላው ተከተለው። ጥግ ላይ አንዱ በጎኑ ተኝቶ ተንሳፈፈ።

«ይህ ማስታገሻ ነው» አሉ እትዬ ገንዳ። «መድኃኒቱ ጠጠር ነው። የኔን መደብ ግማሹን ጭነን እንመጣለን።»

«ግማሹን?» አለ ሹፌሩ። «አንድ ሁለት ባልዲ አይበቃም?»

«ባልዲ ለጀማሪ ነው፤ ለታመመ አይሆንም። እነዚህ እርሾው እስኪያድግ አይጠብቁም።»

«የርስዎ ዓሦችስ?»

«የኔዎቹ በጦም ይቆዩ። እድላቸውን ይሞክራሉ።»

ነጭ በነጭ ባልዲውን አስቀመጠ። «ይቅር እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እርስዎ በዕድሜዎ የገነቡትን ላፈርስ አልችልም። ሰኞ ሥራዬ እመለሳለሁ።»

«በየትኛው እጅህ?» አለችው ባለቤቱ።

መኪናው ላይ ወጣ።

ሴትየዋን ከዓሦቹ ጋር ተውናት። ተጨማሪ አየር እንዲገባበት ከገንዳው በጆግ እየቀዳች ከፍ አድርጋ እንድታፈስ ታዘዘች። ስንወጣ ያ የውሃ ድምፅ ከኋላችን ይሰማ ነበር፤ ቀድታ ታፈሳለች፣ ቀድታ ታፈሳለች።

እትዬ ገንዳ ግቢ እንደደረስን ነጭ በነጭ ነጭ የላስቲክ ጓንቱን አጠለቀ። ጠጠሩ ከጓንቱ ያሟልጫል፤ የሰላጣው ሥር በጣቶቹ መሐል ይበጠሳል። «ቀስ» አሉት፣ «ያ የሚያጣብቀው ነገር ነው የምንፈልገው፤ አታፋፍቀው።» ጓንቱን አውልቆ ጣለው። ከዚያ በባዶ እጁ፣ እስከ ክርኑ፣ በዚያ ጥቁር ቡናማ ዝልግልግ ውስጥ ገባ። ፊቱን አጨማደደ። ሆኖም አልወጣም። እፍኝ በእፍኝ ወደ ባልዲ አወጣው። እትዬ ገንዳ መደባቸው ሲጎድል ቆመው ያዩ ነበር። ከግማሹ ሲደርስ ሹፌሩ ቆም አለ። «ቀጥሉ» አሉ። ከግማሽ በላይ ሄደ።

ጠጠሩ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ተጫነ። ከደረቀ፣ ላዩ ያሉት ሁሉ ይሞታሉ። ፀሐዩ እየከረረ ነበር። የገበያውን መንገድ እንደያዝን፣ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን አግድሞ ቆሞ ሲሚንቶ ያራግፋል። ሹፌሩ ክላክሱን ቢነፋ ተሸካሚዎቹ ቀና ብለው አይተውት ሥራቸውን ቀጠሉ። ጆንያው ዳር ዳሩን እየደረቀ መንጣት ጀመረ። ነጭ በነጭ ከኋላ ጠጠሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከእትዬ ገንዳ ገንዳ በተቀዳ ውሃ ይረጨዋል። ውሃው ሊያልቅ ሲል ሸሚዙን አወለቀ፣ በቀረችው ውሃ ነክሮ ጠጠሩ ላይ ዘረጋው። ያ በየማለዳው የሚተኮስ ሸሚዝ።

ሹፌሩ ወርዶ የጭነቱን ሰው፣ «ወንድም፣ እባክህ አሳልፈን፤ በሽተኛ ይዘናል» አለው።

ሰውየው ወደ ፒክአፑ ተመለከተ። እትዬ ገንዳን አየ፤ ጤነኛ ናቸው። እኔን አየ። ከኋላ ካናቴራ ብቻ ለብሶ ድንጋይ ያቀፈውን ሰው አየ።

«እሱ ነው?»

«አይ፣ እሱ አስታማሚው ነው። በሽተኛው ቤት ነው። ይሄ ደሙ ነው።»

ሰውየው ጠጠሩን ደግሞ አየ። በመጨረሻ፣ «እብድ ሲቸኩል ማሳለፍ ነው» ብሎ መኪናውን አስጠጋልን።

ስንደርስ ባለቤቱ አሁንም ትቀዳለች፣ ታፈሳለች፤ ክንዷ ዝሏል። የሞቱት ከአንድ አልፈዋል፤ ባልዲ ውስጥ አድርጋ በክዳን ሸፍናቸዋለች። ነጭ በነጭ አላያቸውም፤ ላለማየት ነበር በዚያ በኩል ያልዞረው። ፓምፑን አቁሞ፣ ነጩን ጠጠር እያወጣ ጥቁሩን ተካው። ከዚያ ፓምፑን እንደገና አስነሣ።

ውሃው በመደቡ ውስጥ ከፍ አለ። ጠጠሩን ሸፈነ። ከዚያ ወደ ገንዳው መመለስ ሲገባው አልተመለሰም። ከፍ ማለቱን ቀጠለ፤ የመደቡን ጠርዝ አልፎ በሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። ከታች የገንዳው ውሃ ይጎድላል፤ የዓሦቹ ጀርባ ብቅ ብቅ አለ። ፓምፑን ብናጠፋው መርዙ ሳይጣራ ይቀራል፤ ባናጠፋው ውሃ ያጣሉ።

«እትዬ» አለ ሹፌሩ። «እባክዎ፣ እርስዎ ይንኩት።»

«እትዬ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ» አለች ሴትየዋ።

እኔ የማየው እጃቸውን ነበር። አንጓቸውን የያዙት ጣቶች ተፈቱ። እጃቸው ከወገባቸው ተነሥቶ ወደፊት መጣ፤ የመደቡ ጠርዝ ድረስ ደረሰ፤ ከሚፈሰው ውሃ በላይ ቆመ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ለመናገር ይቸግረኛል። ውሃው የት እንደተዘጋ ያውቁታል፤ አንድ ጉተታ ነው የሚፈልገው። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ መለሱት፤ በሌላኛው እጃቸው ጨምቀው ያዙት።

«ወንድሜ» አሉ። «ውሃው በየት ይገባል?»

«በዚህ ቱቦ።»

«በየት ይወጣል?»

«በመውረጃው።»

«መውረጃው ላይ ምን አደረግህ?»

ዓይኑ ፈጠጠ። ክንዱን እስከ ትከሻው ጠጠሩ ውስጥ ሰደደ። ፈለገ፤ ያዘ፤ ጎተተ። እንደ ጅራት የሚሳብ ነገር ወጣ፤ ወጣ፤ አላልቅ አለ። አሮጌ የሆቴል አንሶላ ቅዳጅ ነበር። ወደ ዓሦቹ የሚወርደው ውሃ የበለጠ እንዲጠራ ብሎ ከጅምሩ መውረጃው አፍ ላይ ጠቅልሎት ነበር። ጠጠሩ ንጹሕ ስለነበረ እስከዚያ ቀን አልተደፈነም፤ የእርሾው ዝልግልግ በደቂቃ ደፈነው።

ውሃው እየጮኸ ወደ ገንዳው ወረደ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ነበር የሰማሁት» አለች ባለቤቱ፣ መሬት ላይ ተዘርፍጣ። «የኔው ደግሞ አንሶላ ያወጣል።»

ማንም አልሳቀም፤ ገና ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ሥራ አልቀረም፤ መጠበቅ ብቻ። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። እትዬ ገንዳ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሹፌሩ ግቢውን ይዞራል። ነጭ በነጭ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ፣ ሁለት እጁ እስከ ክርኑ እንደቆሸሸ፣ ሊታጠብ እንኳ ሳያስበው ያያል። በመሐል ሁለት ዓሦች ሞቱ። በራሱ እጅ አወጣቸው። ምሳ ቀረበ፤ ተመለሰ። ብልቃጡ እንደገና ተነቀነቀ፤ አረንጓዴ ነው። ቆየት ብሎ ተነቀነቀ፤ አሁንም አረንጓዴ ነው፣ ግን ባለቤቱ ወደ ብርሃን አንሥታ «ሣር ነበር፤ አሁን የሎሚ ልጣጭ ነው» አለች። ማመን ፈራን። የቀለም ዓይኗን የምናምነው ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው።

ፀሐይ ከግንቡ ጀርባ ልትገባ ስትል፣ ነጭ በነጭ ሳይዞር፣ «እትዬ» አለ።

ተነሥተው ሄዱ። የውሃው ፊት ባዶ ነበር። አንድም አፍ አይታይም። ታች፣ ከገንዳው ወለል አጠገብ፣ የዓሦቹ ጀርባ በጥላው ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራል።

«አሁን ታጠብ» አሉት። «በውሃ ብቻ።»

ከዓሦቹ ሲሶ ያህሉ ሞተዋል፤ በማግስቱ እሑድም የሞተ ነበር። የቀሩት ግን ቀሩ። ሰኞ ነጭ በነጭ ወደ እጥበት ቤቱ ሄደ። አለቃው መደረቢያውን ከምስማሩ አውርዶ ሲሰጠው ተቀብሎ ይዞት መጣ፤ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ መለሰለት። «ለሚቀጥለው ሰው ትሁን፤ ጓንት ግን ግዛለት» አለው። ይህን የነገረን አለቃው ራሱ ነው፤ በኋላ ሰላጣ ሊገዛ ሲመጣ።

እትዬ ገንዳ ያጡትን ለማንም አልተናገሩም። እኛ ግን እናይ ነበር። የተረፈው መደባቸው ዓሦቻቸውን ሊሸከም ስላልቻለ ብዙ ጊዜ አስጦሟቸው፤ አንዳንዶቹ መንምነው ሞቱ። ቆስጣው ቢጫ ሆነ። የሚቀጥሉትን ሰልጣኞች ለመቀበል ቢለመኑም «እርሾ ሳይኖረኝ ምን ልሰጣቸው?» ብለው አዘገዩ። ነጭ በነጭ እየመጣ ግቢው በር ላይ ይቆማል፤ ያያል፤ ይሄዳል። እሱም እጁን ወደ ኋላ ማጣመር ለምዶ ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ እትዬ ገንዳ ጋ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ነጭ በነጭ ከራሱ መደብ የተዘገነ ጥቁር ጠጠር የሞላ ባልዲ ይዞ ገባ። ባልዲውን የያዘው በተዘረጋ ክንዱ አልነበረም። ደረቱ ላይ አቅፎት ነበር፤ ከሆዱ እስከ አንገትጌው ነጩ ሸሚዝ ላይ አረንጓዴ ቡናማ እድፍ ወርዷል። እድፉን ልብ ያለው አይመስለኝም። ከበር ውጭ ፒክአፑ ቆሟል፤ ሹፌሩ ሌላ ባልዲ ያወርዳል፤ ከኋላውም ገና ብዙ አለ።

እትዬ ገንዳ እጃቸውን ከኋላቸው ፈቱና ባልዲውን ተቀበሉ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«አላጠብከውም?»

«እርስዎ ያሽትቱት እንጂ» አለ። «እኔማ ሽታው ከሸሚዜ አልለቅ ብሎኝ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ነው የምታስተኛኝ።»